ያልሰጠሁት የጠዋት መርፌ

ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ የገባሁት በጽዳት ሠራተኝነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሆዱን የታመመ የጋሪ ፈረስ መጣና ልባቡን እንድይዝ ታዘዝኩ። ፈረሱ ሲንከባለል ጎትቶ ጣለኝ፤ ልባቡን ግን አልለቀቅሁም። ሐኪሙ ይህን አይተው በማግስቱ ማዳመጫ ሰጡኝ፤ የፈረስ ሆድ እንዴት እንደሚደመጥ አሳዩኝ። ጤነኛ ሆድ ያጉረመርማል። ዝም ያለ ሆድ ያስፈራል።

ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የቀረውን የመድኃኒት ወረቀት እያነበብኩ፣ የሐኪሞችን እጅ እያየሁ ተምሬ ረዳት ሆንኩ። ልጆቼን ግን ከትምህርት አላስቀረሁም፤ ሲያጠፉም ያለ አለንጋ አላለፍኳቸውም። ከእነሱ አንዷ ሰዓዳ የእንስሳት ሐኪም ሆና እዚያው ክሊኒክ ተመደበችና አለቃዬ ሆነች።

አንድ ቀን እንድሪስ የሚባል ባለጋሪ ከሐርቡ ሆዱን የታመመ ፈረሱን ይዞ መጣ። ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያ ፈረስ ነው። እንደ ባለጋሪዎቹ ልማድ ሆዱ ይፈታ ብሎ አስሩጦት ነበር። አንጀቱ ግን ተደፍኗል። በጭድ ፍራሽ ላይ አጋደምነው። እኔ ትንፋሹን እየተከታተልኩ ማደንዘዣውን ስጨምር፣ ሰዓዳ ሆዱን ከፍታ የተተበተበ የማዳበሪያ ከረጢት ክር አወጣች። ፈረሱ ነቅቶ በእግሩ ቆመ።

ትእዛዟ ግልጽ ነበር፤ የልብ ምቱና የድዱ ቀለም ከታየ በኋላ ጠዋትና ማታ የሕመም ማስታገሻ በደም ሥር ይሰጠው። እኔ ደግሞ የቆየ እምነት ነበረኝ። ሕመሙ የጠፋለት ፈረስ ተንከባልሎ ስፌቱን ይበጥሳል፣ ትንሽ ቢያመው ይረጋል እል ነበር። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ሐሳብ ነው። በማግስቱ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ጸጥ ብሎ ሳየው መርፌውን ተውኩት።

እኩለ ቀን ላይ ጎኑን አላበው። ልቡ ይሮጣል፣ ሆዱ ጭጭ ብሏል። ሰዓዳ በአፍንጫው ባስገባችው ቱቦ ከጨጓራው ብዙ ፈሳሽ ወጣ። አንጀቱ ሥራ አቁሟል፤ ምናልባት ውስጡ ችግር አለ፣ እንደገና ልክፈተው ይሆን እያለች ታሰላስል ጀመር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ የጠዋቱን ወግተውታል?»

መዝገቡ በእኔ እጅ ነው፤ ብዋሽ የሚያውቅብኝ የለም። ከዋሸሁ ግን ትከፍተዋለች፤ ሁለተኛ መከፈትን ደግሞ አይችለውም።

«አልወጋሁትም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት» አልኳት።

እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ሆኜ ይህን ባጠፋ ኖሮ በአለንጋ ነበር የሚሉኝ» አለ።

ሰዓዳ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሕመሙም እኮ የአንጀትን ሥራ ያቆማል፣ አባዬ። ፈረሱ ዝም ያለው ስላላመመው አይደለም፤ አቅም አጥቶ ነው። አሁን ይውጉት» አለች።

ወጋሁት። በደም ሥሩ የሚገባው ግሉኮስም ቀጠለ። በግቢው ቀስ እያልኩ አመላለስኩት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጎኑን አዳመጥኩ። ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ጉርምርምታ ሰማሁ። ሰዓዳን ጠርቼ ማዳመጫውን ሰጠኋት፤ ፈገግ አለች። ብዙም ሳይቆይ ፈረሱ ጅራቱን አነሳ። እንድሪስ ሮጦ ፋንድያውን በሽርጡ ተቀበለና በር ላይ ለቆሙት ባለጋሪዎች አሳየ። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሲሳይ አይቼ አላውቅም» ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ፈረሱ ድኖ፣ ወራት አርፎ፣ ወደ ጋሪው ተመለሰ። ከእሱ በኋላ የተከፈቱትን ሁሉ አላዳንንም፤ ብዙዎቹ ግን በእግራቸው ሄደዋል።

የታዘዘ ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጣል። ካልተሰጠ፣ አልሰጠሁም ይባላል።