የእማዬ ባቡር

እማዬን ከአዋሽ ወደ ሐርጌሳ ያመጣኋት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ እሷን እዚያ ብቻዋን ትቼ እኔ እዚህ ፉል ስቀቅል ብውል እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር ካለችው ቁርስ ቤቴ ጀርባ ክፍል ተከራየሁላት፣ ደህና ፍራሽ ገዛሁ፣ ማራገቢያ አስገጠምኩ። እሷ ግን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ወሬዋ አንድ ብቻ ነው። ባቡር የሌለው ከተማ፣ ከተማ አይደለም።

በልጅነቷ ከድሬዳዋ ጨርቅ እያመጣች ስትነግድ በባቡር ነበር የምትመላለሰው። መንገዱን ታውቀዋለች፤ እኔም ሳልፈልግ አወቅሁት። ወደ ቤት ሲመለሱ መቀመጥ በግራ መስኮት በኩል ነው፤ የጨርጨር ተራሮች ያሉት በዚያ ነውና። ባቡሩ ሸለቆው ውስጥ ሲጠማዘዝ አንገት አውጥቶ ወደኋላ ላየ፣ የባቡሩ ጭራ ይታያል። ኋላ የተሳፈሩት ፊት ላሉት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከተራራው ላይ የማያልቅ ውሃ ይወርዳል። ይህን ሊጥ ሳቦካ ትነግረኛለች፣ ዕቃ ሳጥብ ትነግረኛለች፣ ሰግዳ ስትጨርስ ትደግምልኛለች። ደንበኞቼንም አትምርም። አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም፤ ትልቅ ሰው ስለሆነች ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧታል።

መዝጊያዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኢንሻአላህ፣ እንሄዳለን» ትላለች። እኔም «ኢንሻአላህ» እልና ወደ ምድጃዬ እዞራለሁ። ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ እንደሆነ፣ ሐዲዱን እሾህ እንደዋጠው፣ አዲሱም ባቡር ቢሆን የድሮው ጣቢያ እንደማይቆም እስኪሰለቸኝ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ጨጓራዬን ስትልጠው ጊዜ አንድ መላ መጣልኝ። በሸለቆ የሚያልፍ ባቡር በትልቁ አሳትሜ ቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብሰቅልላት፣ እሱን እያየች ትረጋጋልኛለች አልኩ። እዚሁ ሰፈር ባነር የሚያትም ሰው ስላለ ደወልኩለት። ገና ማስረዳት ከመጀመሬ እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። እኔ ተሳፍሬበት ስለማላውቅ ምኑን እንደምነግረው ጠየቀችኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። ገበያ ለገበያ በለቃቀመቻት ሶማልኛ ትዕዛዙን ታወርደው ጀመር፦ ባቡር፣ ረጅም ባቡር፣ ቡር፣ ቡር፣ አሁንም ቡር። ቡር ተራራ ማለት ነው፤ እሱን አልሳተችም። ሰውየው ገባኝ ገባኝ ይላታል። እኔም ፉሉ እያረረብኝ ስለነበር ተውኳት።

ባነሩ መጥቶ ሲዘረጋ ተራራው ተራራ ነው፣ ሸለቆውም ያምራል፣ መንገዱም ይጠማዘዛል። በመንገዱ ላይ ግን እስከ አፍ ገደፉ በግ የጫነ ቀይ የጭነት መኪና ይወርዳል። በሶማልኛ ባቡር ማለት መኪና ነው። ይህን እኔ አጥቼው አይደለም፤ ጠዋት ማታ የምሰማው ቃል ነው። ግን እናትሽ ባቡር ስትል ስትሰሚ በአማርኛ ነው የምትሰሚው። ባለባነሩን ይቀየርልኝ ብለው ጭራሽ ተቆጣኝ፤ ረጅም ባቡር ብላችሁኛል፣ ከዚህ የረዘመ ከየት ላምጣ ይለኛል።

እማዬ ከዚያ ወዲህ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ መብላት ጀመረች። የከባድ መኪና ሹፌሮች ግን ወደዱት። ከቡርዖ ወደ በርበራ የሚወርደው ቁልቁለት ነው፣ አይደለም እየተባባሉ ሻዩን ይደጋግሙታል። ገበያዬ ደራ፣ ልቤ ግን ውልቅ አለ። ከእነሱ አንዱ አባቴን የሚያህል ሽማግሌ ነው፤ ጭነት እያደረሰ ወደ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ይመላለሳል። አንድ ቀን እማዬ ባቡር ወደ ኢትዮጵያ ይሄዳል ወይ ብላ በሶማልኛዋ ስትጠይቀው ሰማሁ። እንዴት አይሄድም፣ ነገ ጠዋት ኢንሻአላህ፣ አላት። ሳቄን አፍኜ ወደ ምድጃዬ ዞርኩ።

በማግስቱ ሻይ ይዤላት ብገባ ክፍሏ ባዶ ነው። ሻንጣዋም የለም። ወደ ውጭ ስሮጥ የሽማግሌው መኪና በራችን ላይ ቆሟል። የዚህ አገር መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ እማዬ በግራ በኩል፣ ሻንጣዋን ታቅፋ፣ የዒድ ሻሿን አስራ ተቀምጣለች። ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ መሬት ላይ ቆሟል፤ ውረጂ ማለት ነውር ሆኖበታል።

ደሜ ፈላ። መንገደኛው እያየኝ ጮህኩባት። ይሄ መኪና እንደሆነ፣ ሰውየውም መኪና ማለቱ እንደነበር፣ የእሷ ባቡር እንደቆመ፣ አዋሽ ሄዳ በሯን የሚከፍትላት ሰው እንኳ እንደሌለ ነገርኳት፤ ሌላ ያልኩት ሁሉ አሁን ትዝ አይለኝም። ሻንጣዋን እንደታቀፈች አስጨረሰችኝ።

«መኪና መሆኑን አያለሁ፣ ዕውር ነኝ እንዴ?» አለችኝ። «ባቡሩም እንደቆመ አውቃለሁ።»

«ታዲያ የባቡሩ ወሬ ምን ያደርጋል? ቤቴ ልግባ አትዪኝም ነበር?»

«ስልሽ አይደል እንዴ የከረምኩት። አንቺ ሥዕል ገዛሽልኝ።»

ምድጃው ስር ቆሜ ኢንሻአላህ ያልኳት ሁሉ መጣብኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ በቀጥታ መናገር ምን ይከብዳል? ሽማግሌው እንሂድ ወይስ እንቅር በሚል ዓይን ያየኛል። ትንሽ እንዲታገሰኝ ነገርኩትና ገብቼ ምድጃውን አጠፋሁ። ፉል ያልደረሳቸውን ደንበኞች ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ፓስፖርቴን አወጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። ሽርጤን ሳልፈታ ተመልሼ የመኪናውን በር ስከፍት እማዬ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ጉልበቷን ብቻ ወደ ጎን አደረገችልኝ።

«አንቺ ወደ መሃል እለፊ» አለችኝ። «የግራው መስኮት የእኔ ነው።»