ለእግዜር ትእዛዝ የሚሰጥ አናጢ

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ ሜትሮ ይለዋል። በር ሲገጥም አንዴ ለክቶ አያምንም፤ ደግሞ ይለካል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው የለካውንም ይለካል። ለሥራው ደግ ጠባይ ነው። ለጸሎት ግን አልሆነውም።

ሜትሮ የሚጸልየው ለሠራተኛ ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው ነበር። አንዲት ልጅ አለችው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ጽንሱ ወርዶባታል። በሦስተኛው ሐኪሞቹ ሆስፒታል አስተኟትና "ከመጠበቅ ሌላ የሚደረግ የለም" አሏት። ሜትሮ ጠዋት ጠዋት ይንበረከክና ለፈጣሪ ሥራውን ይደለድላል፦ ደሙ ይቁም፣ ሐኪሙ አይሳሳት፣ ነርሷ ስልኳ ላይ አታፍጥ፣ ሕፃኑ በወራቱ በጭንቅላቱ ይምጣ። "አሜን" ብሎ ሲያበቃ ደግሞ ትእዛዙ መፈጸሙን ሊያጣራ ይሄዳል። ልጁ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያፋጥጠዋል። ሰውዬው ከሩቅ ሲያየው እግሬ አውጪኝ ማለት ጀምሯል።

ከሁሉ ቆሽቱን የምታሳርረው ግን ሚስቱ ነበረች። እሷ ትጸልያለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ያውም እያንኮራፋች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያቺ ልጅ ያንቺም አይደለች እንዴ?" አላት አንድ ቀን ቁርስ ላይ።

"ናት እንጂ።"

"ታዲያ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"ለእግዚአብሔር ሰጠኋታ።"

"እኔስ መች ነፈግኩት? ሰጥቻለሁ።"

"አንተማ ሰጥተህ ጫፏን ይዘህ ትጎትታለህ" አለችና ሻይዋን ፉት አለች።

ሜትሮ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ። የገዛ እጁ ሥራ ስለሆነ በሩ እንኳ አልተንገጫገጨም፤ ይሄም ባሰበት።

ሥራ ቤት ገብቶ የወንበር እግር በኮላ አጣበቀ፤ በማጥበቂያ ብረቱ በሞርሳ ጠፍሮም እንዲደርቅ አስቀመጠው። ኮላ እስኪደርቅ ሞርሳ አይነካም፤ ይህን የማያውቅ አናጢ የለም። ሜትሮ ግን ያን ቀን አላስችል አለው። ይዞ ይሆን አልያዘም እያለ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ ሞርሳውን አላላና እግሩን ነቅነቅ አደረገው። ሊይዝ የነበረው ተላቀቀ።

ከጎኑ ቫርኒሽ የሚቀባው ሽማግሌ ባልንጀራው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ምን ልታይ ነው የፈታኸው?"

"መያዙን ነዋ።"

"ሲይዝ ይታያል እንዴ?"

ሜትሮ መዶሻውን ጥግ ላይ ወረወረው። ሽማግሌው የነገሩ ሥር ወንበሩ አለመሆኑ ገባውና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

የተላቀቀ መገጣጠሚያ ላይ አዲስ ኮላ ቢያፈሱበት አይይዝም። አሮጌው እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አለበት። ሜትሮ እየፋቀ መነጫነጭ ጀመረ፤ መነጫነጩም ሳያስበው ወደ ላይ ሆነ።

"ሁለቱንም ጊዜ ለምኜህ ነበር" አለ። "ዝም አልከኝ። አሁንም ዝም ልትለኝ ነው? ሰው ሁሉ እመነው ይለኛል። እንዴት አድርጌ ልመንህ? ፈርቻለሁ። ልጄ እንደዚያ ስታለቅስ ደግሜ ማየት አልችልም። የማደርገው ጠፋኝ። ምንም የማደርገው የለኝም።"

በጣም ከመናደዱ የተነሣ ማዘዙን ረሳው። አሜንም አላለ። መብረቅ አልወረደበትም፣ ድምፅም አልሰማም። ብቻ ጥቂት ቆይቶ ተወጥሮ የከረመው ትከሻው ላልቶ አገኘው፤ ራበውም። ሰሞኑን የበላው ሁሉ አፈር አፈር ይለው ነበርና በመራቡ ተገረመ። ንዴቱ አልለቀቀውም፤ የተናደደበት ጌታ ግን እዚያው አጠገቡ ቆሞ የሚሰማው መሰለው። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ገና ሲያየው ግድግዳውን ተጠጋ። ሜትሮ "እንደምን ዋሉ" ብሎት አለፈ። ሰውዬው ግራ ገብቶት ዞሮ አየው።

ልጁ ትራስ ተደግፋ ነበር። እንደ ልማዷ ፈገግ አለች።

"ዶክተሩ ምን አለህ አባዬ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ለምን?"

"አንቺን ላይ ነዋ የመጣሁት።"

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። እስካሁን በመጣ ቁጥር "ደህና ነኝ" ስትለው ነው የከረመችው። አይደለሁም ብትለው ሆስፒታሉን እንደሚገለባብጠው ታውቃለች። እጁን ያዘችው።

"ፈርቻለሁ አባዬ" አለችው። "ከገባሁ ጀምሮ ፈርቻለሁ። አንተን እንዳላስጨንቅህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሜትሮ ተነሥቶ ነርስ ሊጠራ፣ ሐኪሙን ጎትቶ ሊያመጣ ቃጣው። በዚህ ሁሉ ሩጫው ያተረፈው ይህን ነው፤ ልጁ ብቻዋን ስትፈራ መክረሟን። እንደምንም ራሱን ገታና ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

"እኔም ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ዛሬ ለእግዜር ነገርኩት። ነይ ደግሞ አብረን እንንገረው።"

ልጁ ዓይኗን ጨፈነች። ሜትሮም እጇን እንደያዘ ጨፈነ።

"ጌታ ሆይ፣ ሁለታችንም እዚህ ነን" አለ። የሚጨምረው አልነበረውም።