ከኋላ ወንበር የሚነሳው እጅ

አጎቴ ጌዶ ከብት ነጋዴ ነበሩ። ከአንድ ባንክ ጥቂት አክሲዮን ገዝተው በየዓመቱ ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ አዲስ አበባ ይሄዱ ነበር። የትርፍ ድርሻው ሲነገር አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እሳቸው ግን ከኋላ ወንበር እጃቸውን ያነሳሉ።

"የሚከፈለን ዘንድሮ ካተረፍነው ነው ወይስ ካስቀመጥነው ተነስቶ? እኔ ላሙን ሸጦ ወተት የሚገዛ ሰው አይቻለሁ።"

ለምሳ የቸኮለው ሰው ያጉረመርማል። ሰብሳቢው ግን "እሺ ኦቦ" ብለው አንድ በአንድ ያስረዷቸው ነበር።

ዘንድሮ እኔ በወራሽነት ሄድኩ። በውርስ ወረቀቱ ጉዳይ ስመላለስ ከርሜ ደክሞኝ ነበር። የትርፍ ድርሻው ተነገረ፣ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው "ጥያቄ አለ?" ብለው ወደ ኋላ ወንበሮች አዩ፤ ትንሽም ጠበቁ። የአጎቴን ጥያቄ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን አልተነሳም።

ስብሰባው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ አለቀ።