አሥራ ሁለትን ከየት አመጣሽው?

የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እወጣው ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። በግማሽ ዓመቱ ፈተና ግን ወደቅኩ። የጣለኝም ያው በቃል መያዜ ነው።

ያስጠኑኝ የነበሩት አባቴ ናቸው። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ የተማሩ፣ ኋላም በአጥቢያችን ቅኔ የሚያስተምሩ መርጌታ ነበሩ። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ዓይናቸው ጠፍቷል። ትምህርት ቤቴ ንፋስ መውጫ ነበርና እየተመላለስኩ እማር ነበር። ስመለስ ከደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

ያኔ ስድስተኛን ያለፈ ልጅ ሒሳብንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ቋንቋውን በቅጡ አላውቀው፣ እሳቸው አንድ ቃል አይሰሙ። ይህ ግን ቅንጣት አላሳሰባቸውም። “ንባቡ ይያዝ እንጂ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል” ይሉኝ ነበር። እሳቸው ዳዊትን በግዕዝ የያዙት እንዲያ ነው፤ ሒሳብም ከዚያ የተለየ አልመሰላቸውም። አንድ ገጽ አነባለሁ፣ መጽሐፉን አጥፌ በቃሌ እወርደዋለሁ፣ ስሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ትናንት ያልኩት ከዛሬው ካልገጠመ ጆሯቸው አያልፈውም። ምሳሌውንም፣ የምሳሌውንም መልስ እንዲህ አድርጌ ዋጥኩት።

በዚያው ዓመት ከስማዳ በኩል ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። አባቴ “ተማሪ ናት” ብለው ሊሸኟቸው ሞከሩ። ሽማግሌዎቹ ግን የሚነሡ አልሆኑም። በመጨረሻ አባቴ “ትምህርቱ ከያዘላት ትቀጥላለች። ሰባተኛን ካላለፈች ግን በሰኔ መጥታችሁ ቀን ቁረጡ” አሉ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አባቴ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ስለማውቅ በእሳቸው ተናደድኩ።

ፈተናው ላይ የመጽሐፉ ጥያቄዎች መጡ። ቁጥሮቹ ግን ሌላ ነበሩ። አስተማሪው ተሳስቶ የጻፋቸው መሰለኝ። እሱን እያረምኩ የመጽሐፉን መልሶች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ።

አስተማሪያችን ገና ወጣት ነው። ወላጅ አምጪ አለኝና አባቴን እየመራሁ ወሰድኳቸው። ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

“መርጌታ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም” አላቸው። “መጽሐፉን ሸምድዳዋለች። ቁጥሩን ስቀይርባት ነው መሄጃ የምታጣው።”

አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። “ቁጥሩ ይቀየራል እንዴ?”

“ሁልጊዜ ይቀየራል፤ የማይቀየረው አሠራሩ ነው።”

ስንመለስ ትከሻዬን ይዘው ይከተሉኝ ነበር። የሰፈራችን ወንዝ ስንደርስ ቆም አሉ። “ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አሉኝ። “ዳዊት መስሎኝ አስደገምኩሽ። ለካ ነገሩ እንደ ቅኔ ኖሯል።”

የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ቢደግም ማንም ተማረ አይለውም። የአካሄዱን መንገድ ይሰማል፣ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣና ለመምህሩ ይነግራል። በማግስቱ አባቴ እኔንም ከእነዚያ ተማሪዎች እንደ አንዷ አደረጉኝ።

“መጽሐፉን አስቀምጪው” አሉ። “ከማሳዬ ሲሶውን ገብስ፣ ሩቡን ባቄላ ዘራሁበት። ምን ያህሉ ጦሙን አደረ? ሂጂ፣ ስትጨርሺ ንገሪኝ።”

ወይራው ሥር ተቀመጥኩ። ማሳውን አሥራ ሁለት ቦታ ከፈልኩት፤ አራቱ ገብስ፣ ሦስቱ ባቄላ፣ አምስቱ ጦም አዳሪ። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ።

“አሥራ ሁለትን ከየት አመጣሽው?”

“መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አባየ።”

“እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው። ተመለሽ።”

እያለቀስኩ ተመለስኩ። ውኃ የመቅዳቱ ተራ የእኔ ነበር። እናቴ እንስራዬን ራሷ አዘለችና በአጠገቤ ስታልፍ “አንቺ ተቀመጪ፤ መርጌታ ዛሬ የሚለቁሽ አይመስሉም” አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ምንጭ አላወረደችኝም።

እንባዬ ሲደርቅ ገባኝ። ገብሱ ማሳውን ሦስት ቦታ፣ ባቄላው ደግሞ አራት ቦታ እንዲከፈል ይፈልጋል። ሁለቱንም ሳይሸራርፍ የሚያስተናግድ ትንሹ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና “ይኸው ቃሉ የራስሽ ሆነ” አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ማሳው ይከፈል ጀመር። አባቴ መልሱን አስቀድመው አያውቁትም ነበር። የማያምንበትን ነገር የሚናገር ሰው ድምፁ እንደሚወርድ ግን ያውቃሉ፤ ልክ እዚያ ላይ “ለምን?” ብለው ያስቆሙኛል። ሦስት ማዕዘን ስንማር መዳፋቸው ላይ በጣቴ እየሣልኩ ነገርኳቸው። ዛሬ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። “እኔ አልተማርኩ፣ ልጄን በምን ልርዳው?” የሚለኝ ወላጅ ያበሳጨኛል። ጆሮ የለህም ወይ እላለሁ በሆዴ። ቀጥሎ አባቴ ትዝ ይሉኝና ቁጣዬን ውጬ ይህንኑ ታሪክ አጫውተዋለሁ።

ሰኔ መጣ። አለፍኩ፤ በጭንቅ ነው ያለፍኩት።

ሽማግሌዎቹም በቃላቸው መጡ። እናቴ ጓዳ ከአጠገቤ ቆማ እጄን ጨበጠችው። አባቴ ማለፌን ነገሯቸው። ትልቁ ሽማግሌ ያመኑ አልመሰሉም።

“ለመሆኑ ስንት አመጣች?” አሉ።

“ስንት እንዳመጣች አልጠየቅኳትም” አሉ አባቴ። “ከየት እንዳመጣችው ግን በየቀኑ ስትነግረኝ ነው የከረመችው።”

ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንሥተው ወጡ፤ እናቴም እጄን ለቀቀችው።