ለፈተና የተደበቀ መርዶ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ መመረቂያ የኮሌጅ ተማሪን ውጤት ምን ምን እንደሚወስነው ጽፌ ነበር። እንቅልፍ አለበት፣ የጓደኛ ምርጫ አለበት፤ መርዶ ግን የለበትም።

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ አስቴር አባታቸው ደብረ ብርሃን ሞቱባቸው። ልጃቸው ሄለንን ያሳደጓት እኚሁ አያቷ ናቸው። እሷ ደግሞ የመመረቂያ ፈተና ላይ ነበረች። እትዬ አስቴር አባታቸውን ቀብረው ሲመለሱ ለልጅቷ የዘመድ ሠርግ ነበር አሏት። ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳይነገራት ጎረቤቱ ሁሉ ተማማልን። እትዬ አስቴር ጥቁር እንኳ አልለበሱም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላጽናናቸው ገባሁ። ገና እንደተቀመጥኩ እንባቸው መጣ። ይሄኔ ሄለን በሩን ከፍታ ገባች።

«ስለ ሠርጉ እየጠየቅኋቸው ነበር» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ደስ ይል ነበር» አሉ እትዬ አስቴር ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ሽንኩርት ስከትፍ ቆይቼ ነው።»

ሶፋ ላይ ሽንኩርት አይከተፍም።

ሄለን እናቷን ሳመቻቸው፤ ደብተሮቿንም ሰበሰበች። «ቤተ መጻሕፍት ልሄድ ነው፤ እስኪመሽ አልመጣም፣ እማዬ።»

እስከ ደረጃው ሸኘኋት። እትዬ አስቴር እንዲያርፉ ብዬ አይደለም፤ ልጅቷን ከዋሸኋት በኋላ እንዲሁ መለየት ከበደኝ።

«እቤት ብታጠኚ አይሻልሽም? ጸጥታ ነው፤ መንገዱም አያደክምሽም።»

«ይሻለኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን እኔ እቤት ከዋልኩ፣ እማዬ አባቷን መቼ ታልቅስ?»