ዶሪን በስልሳ ስድስት ዓመቷ የቀመሰችው ቢራ

ዶሪን ፕሪቻርድ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በስትሪኪ ቤይ መጠጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስታበስል አንድ ጉንጭ ቢራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። አባቷ ጠጪ ነበር። ሰክሮ ሲመጣ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሮስ ከበጎቹ ጠጉር መሸለቻ ቤት ጀርባ ተደብቀው እስኪተኛ ይጠብቁ ነበር። ካደገችም በኋላ የቢራ ሽታ ሲደርሳት ፊቷን ታዞራለች፤ ሌላ ሰው ሲጠጣ ግን ምንም አትልም።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ኪራን ቤቷ መጣ። ኪራን የድሮውን የሱፍ መጋዘን ገዝቶ እዚያው ቢራ የሚጠምቅ ጎልማሳ ነው። በዚያ አገር በጋ ለሆነው ለጥር ሙቀት የሚሆኑ ሦስት ቀለል ያሉ ቢራዎች ሠርቷል፤ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማ ምግብ ተዘጋጅቶ አርባ ሰው ምሳ እንዲበላ ፈልጓል።

«አንቺ አብስይልኝ እንጂ መቅመሱን ለእኔ ተይው» አላት።

ረቡዕ ዕለት ሞከሩት። ዶሪን የባሕረ ሰላጤውን ዓሣ በቅቤ ጠበሰች። ኪራን ጌሾ የበዛበትን፣ የሚኮራበትን መራራ ቢራ ቀዳና ጎረሰ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ጎረሰ።

«አሪፍ ነው» አለ።

ዶሪን ግን ዕድሜዋን የፈጀችው ሰው ሲበላ ፊቱን በማየት ነው።

«ውሸታም!»

«ምን አደረግኩ ደግሞ?»

«ዓሣዬን እንደ ካርቶን ነው ያላመጥከው። ያ መራራ ነገርህ ገደለው። በል ያንን ደፍረስ ያለውን ቅዳልኝ።»

«ላንቺ?»

«ለድመቷ! ቅዳ አልኩህ።»

ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። የአባቷ ሸሚዝ ሽታ ይመጣል ብላ ነበር። አልመጣም። የሸተታት የሎሚ ልጣጭና አዲስ ሊጥ ነው። ተጎነጨች፤ ኮምጠጥ ብሎ ጨው ጨው ይላል። ዓሣውን ስትጎርስበት ጣፋጭነቱ ወለል ብሎ ወጣ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደስታ አልነበረም የተሰማት፤ ንዴት ቢጤ ነው። አባቷ ያንን ሁሉ ሲጠጣ አንድ ቀን እንኳ ጣዕሙን አውቆት ይሆን?

«እና?» አለ ኪራን።

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።»

ከዚያ ሁሉን ነገር አገላበጠችው። ኮምጣጣው ለዓሣው ሆነ። ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ያለበት የስንዴ ቢራ ለሸርጣኑ ሥጋ፣ መራራው ደግሞ በፍም ለተጠበሰው የበግ ጎድን። ኪራን ትንሽ አኮረፈ፤ ጎድኑን ሲቀምስ ግን ኩርፊያው ለቀቀው።

የምሳው ዕለት ቅዳሜ ሞቃቱ የሰሜን ነፋስ የበረሃውን አቧራ ይዞ ነፈሰ። ሰዎቹ ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ግንባራቸው ላይ እየለጠፉ ገቡ። ሮስም የእህቱን ምግብ ሊበላ መጥቶ ነበር። ዶሪን በወጥ ቤቱ በር ቆማ ቅዝቃዜውን ለማረጋገጥ ስትጎነጭ አያት። ሹካውን አስቀምጦ ወደ እሷ መጣ።

«አንቺም ጀመርሽ?»

«ቀመስኩ፣ ሮስ። ሳልቀምሰው እንዴት ምግብ ላስማማለት?»

«አባባም እኮ ልቅመስ ብሎ ነው የጀመረው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ሲጠጣ ምግብ አይበላም ነበር፤ ታስታውሻለሽ?» አለ ሮስ። «እማዬ ያቀረበችለት ራት ሳይነካ ይቀዘቅዝ ነበር። መኪናው ውስጥ ብቻውን ነበር የሚጠጣው።»

«አስታውሳለሁ።»

«ዓሣው ጥሩ ነው» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። በውሃ ጨረሰው።

በሳምንቱ ኪራን ምሳውን በየወሩ እናድርገው ሲላት ዶሪን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማች፤ ምግብ ሳይቀርብ አንድም ብርጭቆ አይቀዳም። ኪራን ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ እሱም እሺ አለ። ሮስ በየወሩ ይመጣል። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ውሃ ያዛል፣ ሳህኑን አጽድቶ ይበላል፤ እህቱ ስትጎነጭ እስካሁን ወደ ሌላ ነው የሚያየው።