መቀነቴና የባሌ ወገብ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጋይንት። የገብሱ አጨዳ ባለቀ ሰሞን የባሌ ወገብ እንደ ሞፈር ደርቆ ቀረ። ጎንበስ ማለት አቃተው። እሱን ያስጨነቀው ግን ሕመሙ አልነበረም፤ የስቅለት ስግደት ነው። «ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እኔ ብቻዬን ተገትሬ ልዋል?» ይለኛል፣ እንባ አቅርሮ። እኔም ሆዴ ይባባል። ፊቱ ግን አላለቅስም፤ እቆጣዋለሁ እንጂ።

አርብ ገበያ ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ወጌሻ ወሰድኩት። አሽተውት ሲያበቁ መሬት አስቀመጡትና እግሩን አስዘረጉት። «አንቺ፣ መቀነትሽን ፍቺ» አሉኝ። መቀነቱን በውስጥ እግሩ አዙረው ሁለቱን ጫፍ አስያዙት። «ትንፋሽህን እያወጣህ ቀስ ብለህ ወደ እግርህ ጎንበስ በል። እንደ በሬ አትጎትት! ሲይዝህ እዚያው ቆየት በል።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን ላይ ቁርበት አንጥፎ፣ መቀነቴን ይዞ ጎንበስ ቀና ሆነ ሥራው። እኔ ወገቤን በገመድ አስሬ እውላለሁ። እጁ ቁርጭምጭሚቱ ጋ የደረሰ ዕለት «አንቺ፣ ነካሁት!» ብሎ ጮኸ። ሞኝ! እንዴት እንደምወደው።

ጎረቤት ደግሞ ዓይን አለው። «የንስሐ አባቱ ስግደት አዘውት ነው፤ ቆሞ መስገድ ቢያቅተው ተቀምጦ ይሰግዳል» ተባለ። ኃጢአቱንም አገኙለት፤ ድንበር ገፍቷል አሉ። ምንጭ ወርጄ ውኃ ስቀዳ አንዲቱ ጎረቤቴ «አይዞሽ፣ እግዜር መሐሪ ነው» ብላ አጽናናችኝ። «አዎ፣ ወሬኛንም ይምራል» አልኳት። ቤት ገብቼ ስነግረው ከሳቁ ብዛት ወገቡን ያዘ።

ስቅለት ደረሰ። ከሴቶቹ ወገን ሆኜ አንገቴን አስግጌ የማየው እሱን ብቻ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግንባሩ መሬት ነካ። ተነሣ። ደግሞ ወረደ። ወደ ማምሻው እንደ ወጉ ሕዝቡ በየተራ ቄሱ ፊት ቀረበ፤ እሳቸውም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉ ለእያንዳንዱ ስግደት ያዝዛሉ። የባሌን ወገብ ስለሚያውቁ ለእሱ ጥቂት ብቻ አዘዙለት። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አባቴ፣ ይጨምሩልኝ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ።

«አላልኳችሁም!» አለች ያቺ አጽናኜ ከኋላዬ። ዞር ብዬ ልክ ልኳን ልነግራት ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።